የሶሬቲ ቀኝ እጅ

ነገሩ የሆነው በ2002 ዓ.ም. ክረምት፣ በሐምሌ ወር ነው። ለንስሐ አባቴ ግማሹን ነግሬያለሁ፤ ለባለቤቴ ከዚያም ያነሰ። ሙሉውን ከአፌ የሰማች አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም ባትሰማው ይሻላት እንደነበር አሁን አስባለሁ። ከአእምሮዬ ስላልወጣ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ነርስ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት እጃጂ ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ከዚያ አምቦ ተዛውሬ በሆስፒታል የሕጻናት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚህ በታች የምናገረው ጥፋት የእኔ ነው እንጂ የመሥሪያ ቤቴ አይደለም።

የትንሽ ልጅ ደም ስር ማግኘት ከባድ ሥራ ነው። ልጁ ወፈር ካለ ደም ስሩ በስብ ተሸፍኖ አይታይም። በተቅማጥና በትውከት የሰውነቱ ውሃ ካለቀ ደግሞ ደም ስሩ ተሟሽሾ እንደ ክር ይቀጥናል። ግሉኮስ ለመስጠት ካኑላ የምንላት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ እዚያ ውስጥ መግባት አለባት። ብዙ ነርሶች ሦስት አራት ጊዜ ሞክረው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የእኔ አይንቀጠቀጥም ነበር። የግራ እጅ ጓንቴን የአመልካች ጣት ጫፍ በመቀስ ቆርጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እፈልጋለሁ። ደንቡ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ፤ ግን አገኝ ነበር።

ስለዚህ “ሲስተርን ጥሯት” ይባላል። ከድንገተኛ ክፍል ይጠሩኛል፣ ከወሊድ ክፍል ይጠሩኛል፣ አንዳንዴ እረፍት ላይ ሆኜ እቤቴ ድረስ ሰው ይልካሉ። ካኑላዋ ገብታ ደሙ ብልጭ ሲል፣ ከበው የሚያዩኝ ተማሪዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። ይህን መተያየት እወደው ነበር። አልዋሽም፣ ከልጁ መዳን እኩል እወደው ነበር።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ዶክተር ኤልያስ የሚባል ወጣት ሐኪም ተመደበልን። ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁ ብዙም የማይሰማ ልጅ ነው። በተማረበት ሆስፒታል የልጆችን ደም ስር በአልትራሳውንድ እያዩ ካኑላ ማስገባት ለምዶ መጥቷል። የእኛ አልትራሳውንድ ነፍሰ ጡሮች የሚታዩበት ነበር። እንቅርትና ጡት ለማየት የምታገለግል አንዲት ትንሽ መዳሰሻም አለችው፤ ብዙ ጊዜ የሚነካት ሰው አልነበረም። እሱ ያቺን መዳሰሻ ጄል ቀብቶ የልጁ ክንድ ላይ ሲያሳርፋት፣ ስክሪኑ ላይ ደም ስሩ እንደ ጥቁር ክብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። መርፌዋም ወደዚያ ስትገባ ትታያለች።

መጀመሪያ የሠራበት ቀን እኔ እረፍት ነበርኩ። ከጌዶ የመጣ የስምንት ወር ሕጻን ነበር፤ ሁለት ነርሶች አቅቷቸው እኔን ሊጠሩ ሲሉ እሱ በአንድ ጊዜ አስገባለት። በማግስቱ ስገባ የክፍሉ ወሬ ይኸው ነበር። አንዷ ባልደረባዬ እየሳቀች፣ እንግዲህ ጡረታሽ ደረሰ አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ነገሩ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ኤልያስ ሲያናግረኝ ባጭሩ እመልስለት ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ ማሽኑን ላሳይዎት፣ እንደ እርስዎ ያለ እጅ ላለው ሰው ሁለት ቀን አይፈጅም አለኝ። ጊዜ የለኝም አልኩት። ተቀምጬ ጥጥ እየጠቀለልኩ ነበር።

ሶሬቲ የመጣችው በሐምሌ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ቤተሰቧ ጎጆ የምትባለው የደጋ ከተማ ሰዎች ናቸው። መንገዱን ጎርፍ ስለበላው ንጋት ላይ የተሳፈሩበት አይሱዙ ሁለት ቦታ ጭቃ ይዞት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እናቷ ዲንቄ አዝላት ገባች። አባቷ ኦቦ ገመቹ ቦቲ ጫማው ጭቃ ስለሆነ ወደ ውስጥ መግባት አፍሮ በር ላይ ቆመ።

ልጅቷ ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጣትና ሲያስመልሳት ከርሟል። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገን ስንለቀው እንደተጨማደደ ይቀራል። አታለቅስም። የሚጮህ ልጅ አያስፈራኝም፤ ዝም የሚል ልጅ ግን ያስፈራኛል። ከጣቷ ጫፍ ደም ወስደን ስንለካው ስኳሯም በጣም ወርዷል። በአፏ የሰጠናትን ሁሉ መለሰችው። ደም ስር ቶሎ መከፈት ነበረበት።

ክንዷን በጓንት ቁራጭ አስሬ ጀመርኩ። የቀኝ እጇን ጀርባ ሞከርኩ፣ ግራዋን ሞከርኩ፣ ሁለቱንም እግሮቿን ሞከርኩ። ከግንባሯ በላይ ያለውን ጸጉር በምላጭ ላጭቼ እዚያም ፈለግኩ። ያገኘሁት ይፈነዳል፣ ሌላው ጭራሽ አይገኝም። ስድስት ጊዜ ወጋኋት። ዲንቄ የልጇን እግሮች ይዛ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች። አንድም ጊዜ በቃ አላለችኝም።

ዶክተር ኤልያስ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ሲስተር፣ ማሽኑ ሁለት ክፍል አልፎ ነው ያለው። ላምጣው” አለኝ።

“ዶክተር፣ እኔ ማሽን ሳይኖር ነው ይህን ሁሉ ልጅ ያወጣሁት። ትንሽ ታገሠኝ” አልኩት።

አልተከራከረኝም። ልጅቷን አንድ ጊዜ አየና ወጥቶ ሄደ። ማሽኑን ሊያመጣ እንደሆነ ገብቶኛል። ክረምት በገባ ቁጥር የሚጠፋው መብራት እንኳ ያን ቀን አልጠፋም ነበር። ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ የማሽኑ ጎማ ኮሪደሩ ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ። በዚያች ቅጽበት ልቤ ያለውን ልናገር፤ ሳይደርስ ልጨርስ ነው ያለው። ስለ ሶሬቲ አልነበረም ያሰብኩት። ማሽኑ ገብቶ፣ እሱ በአንድ ጊዜ አግኝቶ፣ እኔ ስድስት ቦታ የወጋሁት ገላ ፊት ለፊት ቆሜ ሰው ሁሉ እንደሚያየኝ ነው ያሰብኩት።

የቀኝ ክርኗ መታጠፊያ ላይ ጠለቅ ብሎ አንድ ነገር በጣቴ ስር ተሰማኝ። ወጋሁ። ደም ታየ። ካኑላዋን ወደ ውስጥ ገፋኋት፤ ገባች።

እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ዓይነት ደም ስር ጎን ለጎን አለ። አንደኛው ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ነው፤ መድኃኒት የምንሰጠው በዚያ ነው። ሌላኛው ከልብ ወደ እጅ ደም የሚያደርሰው፣ አርተሪ የሚባለው ነው፤ በእሱ መድኃኒት አይሰጥም፤ ከተሰጠ ወደ እጁ የሚሄደው ደም ሊዘጋ ይችላል። ጤነኛ ሰው ላይ አርተሪ ከተነካ ደሙ ደማቅ ሆኖ እየተገፋ ስለሚወጣ ወዲያው ይታወቃል። የደም ግፊቱ እንደ ሶሬቲ የወረደ ልጅ ላይ ግን ደሙ ጠቆር ብሎ ዝግ ብሎ ይመጣል፤ ያሳስታል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ለተማሪዎች በራሴ አፍ አስተምሬዋለሁ። ያን ጊዜ ቆም ብዬ ለመመርመር ግን አልፈለግኩም። ኮሪደሩ ላይ ያለው ድምፅ በር ደርሷል።

ለስኳሯ ያዘጋጀሁትን ወፍራም ግሉኮስ በካኑላዋ ገፋሁላት። እስከዚያ ድምፅ ያላወጣች ልጅ ጮኸች።

“ተመስገን፣ አለቀሰች” አልኩ።

ዲንቄም አለቀሰች፤ ልጇ የነቃች መስሏት ነው። ዶክተር ኤልያስ ማሽኑን እየገፋ በሩ ላይ ቆሟል። መልሰው፣ አያስፈልግም አልኩት። ፊቱ ላይ ቅሬታ ፈልጌ አጣሁ። እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር አለኝ፤ ከልቡ ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። ግሉኮሱ እንደሚገባው አይንጠባጠብም። ላስተካክለው ስሄድ ደም ወደ ቱቦው ተመልሶ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። የሶሬቲ ቀኝ እጅ ከክርኗ በታች ነጭ ሆኗል፤ ስነካው የድንጋይ ያህል ይቀዘቅዛል። ካኑላዋን ነቀልኩና ዶክተር ኤልያስን ጠራሁት።

እጇን ዳሰሰ። ቀና ብሎ አየኝና ማሽኑን አመጣ። በግራ ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ ከፍ ብሎ፣ መዳሰሻውን አሳረፈ። ስክሪኑን እያየ አንድ ጊዜ ወጋ። ገባ። ሰዓት አልያዝኩም፤ ግን ፕላስተሩን ቆርጬ ሳልጨርስ እሱ ጨርሶ ነበር።

ግሉኮሱ መውረድ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ሶሬቲ ዓይኗን ገልጣ “ቢሻን” አለች፤ ውሃ መጠየቋ ነው። ኦቦ ገመቹ ቦቲውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገብቶ ከአልጋዋ ስር ተንበረከከ።

ነፍሷ ተረፈች። እጇ ግን አልተመለሰም። ከፍ አድርገን ሰቀልነው፣ ያለንን መድኃኒት ሁሉ ሰጠናት። በሦስተኛው ቀን የጣቶቿ ጫፎች ጠቆሩ። ወደ አዲስ አበባ ልንልካት ተወሰነ። እዚያ አራቱ ጣቶቿ ተቆረጡ፤ አውራ ጣቷ ብቻ ቀረ።

ከመላኳ በፊት ዶክተር ኤልያስ ወደ ተረኛ ክፍሉ ጠራኝ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። በካርዷ ላይ የሆነውን እንዳለ ጽፎታል፤ በእንግሊዝኛ ነው። “እናትየዋ ማወቅ አለባት። እርስዎ ይነግሯታል ወይስ እኔ ልንገራት?” አለኝ።

“እኔ እነግራታለሁ” አልኩት።

አመነኝ።

ዲንቄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። የእኔና የእሷ ንግግር ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው፤ በዕድሜ ስለምበልጣት እርስዎ ነው የምትለኝ። እጇ ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀችኝ። በሽታው ነው አልኳት፤ ውሃዋ ስላለቀ ደሙ እጇ ድረስ አልደረሰም አልኳት። ግማሹ እውነት ስለነበር ከአፌ በቀላሉ ወጣ። ዲንቄ ተነሥታ ጎንበስ አለችና እጄን ሳመችው። “ጣቷ ቢሄድም ነፍሷ አለች፤ በእርስዎ ነው። ጋላቶማ” አለችኝ። ምስጋናዋን ተቀበልኩ።

በዓመቱ ዶክተር ኤልያስ ለትምህርት ሄደ። ስንሸኘው ለብቻዬ ጠርቶ እናትየዋ እንዴት እንደተቀበለችው ጠየቀኝ። አዝና ነበር፣ ግን ገባት አልኩት። ደስ አለው። ሁለተኛው ውሸቴ ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደም ስር ለመክፈት ስጠራ ማመካኛ እፈልግ ጀመር፤ ወገቤን ያመኛል፣ ዓይኔ ደክሟል እላለሁ። ሰው በዕድሜ አመካኘልኝ።

ዘንድሮ፣ በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ለክትባት ዘመቻ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ወደ ጎጆ ተላክሁ። ስሜን ከዝርዝሩ ላይ ሳይ እንዲቀይሩኝ ልለምን አስቤ ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ማን ያገኘኛል አልኩና ሄድኩ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ጤና ኬላው ደጃፍ ከተሰለፉት እናቶች መሐል አንዲት ሴት ወጥታ እየሮጠች መጣች። ዲንቄ ነበረች። አቅፋ ሳመችኝ፤ ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞራ፣ ያልኳችሁ ሲስተር እኚህ ናቸው አለች። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጨበጡኝ። የዲንቄ ቤተሰብ ጴንጤዎች ናቸው። በየእሑዱ ጉባኤው ስለ እኔ እንደሚጸልይ ነገረችኝ፤ ስሜን ስለማያውቁት “ሲስተር” ብለው ነው የሚጸልዩት። ከቤቷ ሰው ልካ ግማሽ ማዳበሪያ ድንች አስመጣችልኝ።

ሶሬቲ ከኋላዋ ቆማለች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ረዘም ብላለች፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ሰላም በያት ስትባል ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። እናቷ ቆጣ ብላ፣ ለትልቅ ሰው በቀኝ ነው አለቻት። ልጅቷ አመነታችና ቀኝ እጇን ከሹራቧ ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ። ጨበጥኩት። መዳፏና አንድ ጣት ናት፤ ሞቃት ናት።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሥራው ጋብ ሲል ዲንቄን ከጤና ኬላው ጀርባ ወዳለው አግዳሚ ወሰድኳት።

“ዲንቄ፣ የሶሬቲን ጣቶች በሽታው አይደለም የወሰደው። እኔ ነኝ” አልኳት።

መጀመሪያ ትሕትና መስሏት ፈገግ አለች። ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ ስድስቱን መርፌ፣ ዶክተሩ ያለኝን፣ የወጋሁት ትክክለኛውን ደም ስር እንዳልነበር፣ አልጋው አጠገብ የዋሸኋትን። እጇ እጄ ላይ ነበር። የቱ ጋ እንዳነሣችው አላስተዋልኩም፤ ስጨርስ ግን ጭኗ ላይ ነበር።

“ያ ደም ስር የሚያሳየው ማሽን፣ ያን ጊዜ የት ነበር?” አለችኝ።

“ኮሪደር ላይ። እየመጣ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልጠበቅሽም?”

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እርስዎ ስትለኝ የነበረች ሴት አንቺ አለችኝ። በኦሮምኛም ልዩነቱ ያው ነው፤ ጆሮ ላይ ያርፋል።

ብዙ መልስ ነበረኝ። ልጅቷ ልትሞት ነበር፣ ጊዜ አልነበረም ማለት እችል ነበር። ግን ለዚያ አልነበረም እዚያ ድረስ የወሰድኳት። “ዶክተሩ እንዲቀድመኝ አልፈለግኩም” አልኳት።

ወደ ግቢው አየች። ሶሬቲ ከሌሎች ልጆች ጋር የመድኃኒት ካርቶን በገመድ አስራ እየጎተተች ነበር፤ ገመዱን አውራ ጣቷና መዳፏ መሐል ነው የያዘችው። ዲንቄ ሳትጮህ፣ ሳታለቅስ፣ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

“ጣቴ የት ሄደ ስትለኝ፣ ጌታ ነፍስሽን ሊሰጠን ጣትሽን ወሰደ እያልኩ ነው ያሳደግኋት። ከዛሬ በኋላ ምን ልበላት?”

ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለችና ልጇን ጠርታ የልጅቷን ግራ እጅ ይዛ ሄደች። ልጅቷ ዞር ብላ በሌላኛው እጇ ቻው አለችኝ።

ድንቹን አልወሰደችውም። ባልደረቦቼ ማታ ቀቀሉትና በላን። የጎጆ ድንች እንዴት ይጣፍጣል እየተባለ፣ ይህን ያመጣችውን ሴትዮ እግዜር ይስጣት ተባለ። እኔም ድርሻዬ በሳህን ተሰጥቶኝ ነበር። ቆርሼ ዋጥኩ፤ አልበላም ብል ለምን ይሉኛል ብዬ ነው።

ኦቦ ገመቹ ይመጣል፣ ይከሰኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ቢከሰኝ አልከራከርም። ማንም አልመጣም። አለቃዬ ግን ከእኔው አፍ እንዲሰማ ሄጄ መንገር ጀመርኩ፤ አላስጨረሰኝም። የቆየ ነገር ነው፣ በሕመምተኛ ብዛት የሚደርስ ነው፣ አሁን አታንሺው አለኝ። ደግነት መስሎት ነው።

ሳልናገር ስኖር የሚከብደኝ ዝምታው ይመስለኝ ነበር። ብናገር የሚቀለኝ ይመስለኝ ነበር። ለእሷ ብዬ ነው የነገርኳት እያልኩ ወራት አሰብኩበት፤ አሁን ግን ሸክሜን አውርጄ እሷ ላይ የጫንኩት መስሎ ይታየኛል። እኔን በየእሑዱ የምትባርክበት ነገር ነበራት፤ ለልጇ የምትነግረው ታሪክ ነበራት። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ወሰድኩባት። ዝም ብልስ? ዝምታውም ሌብነት ነበር። የቱ ይሻል እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

አሁን ማሽኑን ተምሬዋለሁ፤ ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት የምታንስ ነርስ ናት ያስተማረችኝ። መዳሰሻውን ጫን ሲሉት ትክክለኛው ደም ስር ይጨፈለቃል፤ አርተሪው ግን አይጨፈለቅም፣ ይመታል። ይህን ለመለየት ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ዶክተር ኤልያስ እንዳለው፣ ሁለት ቀን አልፈጀብኝም።

ሶሬቲ በመስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች። በግራ እጇ መጻፍ መጀመሯን ከጎጆ የመጣች አንዲት እናት ነግራኛለች። ልጅቷ ስለ እኔ ምን እንደተነገራት ግን ልጠይቅ አልደፈርኩም።